የዓመት በዓል ልብስና የተረሳው እጅ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገራችን ሰው። አነጋገሩን ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ ቀሚስ ይመስላል፤ ሲያስተውሉት ግን ስለ ቀን ነው። ልብስ ለበዓል ካልሆነ ለምን ይሆናል? ማለቱ ነው። አያቶቻችን አዲስ ልብስ የሚያዩት በዓመት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ ነበርና ያችን ቀን በጉጉት ይጠብቋት ነበር። ልብሱም በአብዛኛው ከሱቅ አይመጣም። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ እህት ለወንድሟ፣ የክርስትና እናት ለክርስትና ልጇ የምትሰጠው የእጅ ሥራ ነበር።

ተረቱ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ለመሆኑ ቀሚሱን ማን ሠራው? ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ማንስ በመርፌ ገጣጠመው? የታሪክ መጻሕፍታችንም ማን ለማን ምን እንዳለበሰ በሰፊው ሲያወሱ፣ ያን ልብስ የሠራውን እጅ ግን እምብዛም አያነሱትም። በዚህች መጣጥፍ ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል እዘልቃለሁ።

ለምን ወደዚያ? ቢሉ ምክንያት አለኝ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የተሁለደሬዋ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ጥቂት ቀጥለው አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ይደርሳሉ። ውጫሌን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመውና በ17ኛው አንቀጽ ሰበብ ዓድዋን ባስከተለው ውል ነው። አምባሰልን ደግሞ በማሩ፣ ስሙን በሰጠው የሙዚቃ ቅኝትና ጃንጥራር በሚባሉት ገዢዎቹ እናውቀዋለን። በዚህ በአንድ መንገድ ዳር በተዘረጋ አገር ውስጥ የጥንት ገዳም፣ ተዋልደው የሚኖሩ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ የእጅ ሙያን ለማስከበር የሞከሩ አንዲት እቴጌ የትውልድ መንደርም አለ። የበዓል ልብስን ታሪክ ለመከተል ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ስፌት ስንል

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ስፌት» ብዙ ሙያ የሚይዝ ቃል ነው። ልብስ ሰፊው መርፌና ክር ይዞ የሚሠራው ስፌት ነው። ሴቶቻችን ስንደዶና አክርማ ይዘው፣ በአለላ እያስጌጡ፣ በወስፌ እየወጉ የሚሠሩት ሙዳይ፣ ሌማትና መሶብም ስፌት ነው። ብራናውን ቅጠል በቅጠል አያይዞ የሚጠርዘው የመጽሐፍ ባለሙያም ይሰፋል። እንግዲህ የገዳሙ መጽሐፍ፣ የባልቴቷ መሶብና የሙሽራዋ ቀሚስ በአንድ ቃል ይጠራሉ ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው ስፌት መሆኑን የሚዘነጋው ጋቢን ነው። ጋቢ ከሸማኔው እንጨት ላይ አልቆና ደቅቆ የሚወርድ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ በመሆኑ የሚወርደው ሸማ ረጅምና ቀጭን ነው። ተቆርጦ ጎን ለጎን ይገጠማል፤ ተደራርቦም በመርፌ ይያያዛል። «ነጠላ» የምንላት እንኳ እንደ ስሟ አይደለችም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ናት። ጋቢ አራት ነው። ከዚህ በኋላ ጫፉ ይቋጫል። ቋጩ ደግሞ በብዙ ቤት የሴቶቹ ፈንታ ነው፤ ባለቤቲቱ ለምትሰጠው ሰው የመጨረሻውን ጣት የምታሳርፈው እዚያ ላይ ነው።

ሐይቁ ያየው ጨርቅ

ልብስን ስጦታ ማድረግ በኛ አገር የቤተሰብ ብቻ ልማድ አልነበረም። የመንግሥትም ሥርዓት ነበር። ነገሥታቱ ሲሾሙና ሲሸልሙ ካባ፣ ለምድ፣ እጀ ጠባብ ያለብሱ ነበር። ገባሪውም በበኩሉ ሸማ ያገባ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከጎጃም ለንጉሠ ነገሥቱ የመጣውን ግብር ሲቆጥር ከወርቁ፣ ከፈረሱና ከበቅሎው ጋር 3,000 ወፍራም የመኳንንት አልጋ ልብስና 30,000 ተራ የጥጥ ልብስ ይጠቅሳል። ሠላሳ ሺህ! ይህን ሁሉ ጥጥ የፈተሉ ጣቶች ስንት እንደነበሩ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ይኸው አልቫሬዝ በሐይቅ በኩል ሲያልፍ በሐይቁ ላይ ያለችውን ደሴት፣ የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም፣ የመነኮሳቱን ብዛት፣ ሎሚውንና ብርቱካኑን፣ በውኃው ውስጥ የነበሩትን ጉማሬዎች ሳይቀር ጽፏል። ያኔ ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ገዳሙን በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ታላቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። እኒሁ አባት በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሰጪው ይታወቃል፤ የተሰጠበት ዓመት ይታወቃል። በመጽሐፉ ላይ የሰጪ ስም መጻፍ የቆየ ልማድ በመሆኑ ነው።

ጨርቁስ? ሐይቅ በጨርቅም ሀብታም ነበረ። በ1524 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቁ ዳር በደረሰ ጊዜ፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳይቃጠል ሲሉ የደሴቲቱን ሀብት ማስረከባቸውን የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ተርኮልናል። ከወርቁና ከብሩ ጋር የሐር ጨርቅም ነበረበት። ያ ጨርቅ ከነገሥታትና ከመኳንንት በስጦታ የገባ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ሥርዓት ሴት አያስገባም። ይሁን እንጂ በባህላችን ጥጥ የሚፈተለው በሴት እጅ ነው። መነኩሴው የለበሰው ቀሚስ፣ የተከናነበው ነጠላ ከመሸመኑ በፊት በአንዲት ሴት እንዝርት ላይ ዞሯል። እግሯ ያልረገጠውን ደጅ ፈትሏ ረግጦታል። ስሟ ግን በየትኛውም ብራና ላይ የለም።

ከባዘቶ እስከ ጋቢ

አሁን ከገዳሙ ወጥተን ወደ ተራው ሰው ቤት እንግባ። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። መጀመሪያ ፍሬው ይወጣለታል፤ ይህ መዳመጥ ነው። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። ሲነደፍ ተፍታትቶ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተልና ልቃቂት ይሆናል። ድሩ ጠንከር፣ ማጉ ለስለስ ብሎ መፈተል አለበት። ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። የሚሠራውም ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ጎረቤት እያወራ፣ ማታ በኩራዝ ነው። ከክረምት የተጀመረ ፈትል ለገና ወይም ለፋሲካ ቢደርስ ተመስገን ይባላል።

ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው ወንድ ነው። በሰሜኑና በመሐል አገር በብዙ ቦታ ደግሞ ሙስሊም ነው፤ በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤሎችም ይሸምኑ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት፣ ርስት የተነፈገ ሰው በእጁ ሙያና በንግድ ከማደር ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ወሎ በዚህ ረገድ ይለያል፤ ሙስሊሙም አርሶ አደር፣ ሙስሊሙም ባላባት ነውና። ቢሆንም በወሎም ቢሆን አንዲት ክርስቲያን እናት ለፋሲካ የምትሰጠው ጋቢ በሙስሊም ጎረቤቷ እንጨት ላይ መሸመኑ የተለመደ ነበር።

ወሎዎች በዚህ አይገረሙም። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ መሪዎች ክርስትና እንዲነሡ ተገደዱ። የኋላው ንጉሥ ሚካኤል፣ የዚያን ጊዜው መሐመድ አሊ፣ የተጠመቁት ያኔ ነው። ሕዝቡም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም እየሆነ ክፉ ዘመን አሳለፈ። ግዳጁ ያደረሰው በደል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሕዝቡ ግን በሃይማኖት ሲከፈል በዝምድና አልተከፈለም። ዛሬም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ የመሐመድ፣ ሌላው የገብረ ማርያም ስም ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ስጦታው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ለዒድና ለመውሊድ ከዚህ ወደዚያ፣ ለገናና ለፋሲካ ከዚያ ወደዚህ። ሥጋው ባይበላ እንኳ ልብሱ ይለበሳል። ጋቢ ሃይማኖት የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቅ አካባቢ አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤት ተቀምጬ ነበር። እግራቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይለዋውጣል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል።

«አባባ፣ ይሄ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የጎረቤታችን ነው። አዲስ አበባ ላለ ልጇ ለገና ልትልክለት ነው። ድሩንም ማጉንም ራሷ ፈትላዋለች።»

«እርስዎስ? ልጁ የርስዎን ስም ያውቀዋል?»

መወርወሪያውን ያዝ አደረጉና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ጋቢ በፈታዩ እንጂ በሸማኔው ተጠርቶ ያውቃል እንዴ? የናቱ ጋቢ ነው የሚለው። እንዲያ ይበል፤ ደግ ነው» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

እውነታቸውን ነው። እኔም ቤት ያለው «የእናቴ ጋቢ» ይባላል። ማርሴል ሞስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ስለ ስጦታ ባሳተመው የታወቀ ጥናቱ፣ የተሰጠ ዕቃ ከሰጪው ጨርሶ እንደማይለይ፣ ከሰጪው አንድ ነገር ይዞ ወደ ተቀባዩ እንደሚሄድና ምላሽ እንደሚጠራ ያስረዳል። የወሎ እናቶች ሞስን ሳያነቡ ያውቁታል። ነገር ግን በሰጪና በተቀባይ መካከል ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው አለ። ለርሱ ምላሹ ምን ነበር?

ስድቡና አዋጁ

ምላሹ ብዙ ጊዜ ስድብ ነበር። እዚህ ላይ ታሪካችን አያኮራም። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ኖረናል። ጋብቻ ነፍገናል፤ ማዕድ ለይተናል፤ ዓይናቸው ክፉ ነው ብለን ሸሽተናል። በበዓል ቀን ግን በነርሱ እጅ ሥራ ደምቀን አደባባይ ወጥተናል። ማረሻው ከጠይቡ፣ ጫማው ከፋቂው፣ ነጠላው ከሸማኔው ነው።

አፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀር፣ ሸማኔውም ሆነ ብረት ሠሪው በሙያው እንዳይናቅ፣ የፈረንጅ አገር የበለጸገው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ብርታት መሆኑንና የሚሰድባቸውም እንደሚቀጣ ገለጹ። አዋጁ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ይሁንና ስድብ በአዋጅ አይሞትም። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ቃሉ ከብዙ አንደበት ቢጠፋም ንቀቱ ግን በየመንደሩ ገና ርዝራዥ አለው።

አዋጅ የማይሠራውን አርአያነት ይሠራው ይሆን? ሕንዳዊው ጋንዲ ስለ ነፃነት ሲታገሉ ራሳቸው በመዘውር ጥጥ እየፈተሉ፣ በእጅ የተፈተለ ልብስ እየለበሱ ነው የታዩት። ተምረው ጠበቃ የሆኑ ሰው ወለል ላይ ተቀምጠው ሲፈትሉ ያየ ሕዝብ፣ ፈትልን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። እኛም ዘንድ የዚህ ዓይነት ጅምር አልጠፋም። ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ስኂን በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት እቴጌ መነን፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በስማቸው ከተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት ሌላ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም አቋቁመዋል። የሙያ ልጅነት በመኳንንት ቤት ለሴቶች ነውር አልነበረም፤ እመቤት ፈትል ታውቃለች፤ ስፌት ታውቃለች። እዚያ ላይ አዲስ የነበረው፣ በጓዳ የነበረውን ሙያ ወደ ትምህርት ቤት ማውጣቱ፣ መምህርና ተማሪ እንዲኖረው ማድረጉ ነው። የእናታቸውን ስም የያዘው የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትም እስከ ዛሬ የወሎ መኩሪያ ነው።

የጨርቁ መልክ ሲለወጥ

የድሮው ሁሉ የኛ፣ የአዲሱ ሁሉ የባዕድ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። የሸማችን ጥለት ራሱ የውጭ እጅ አለበት። አገር ውስጥ ጥሩ ቀለም ባልነበረ ዘመን፣ ከሕንድ የመጣ ባለቀለም ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። አቡጀዲም ቢሆን ከውጭ ገብቶ ነው የአገር ልብስ የመሰለው። ሲንጀርም መጣች። መኪናዋ በየከተማው በረንዳ ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ልብስ ሰፊው የበዓል ዋዜማ ጌታ ሆነ። በሐይቅም በውጫሌም በደሴም፣ በዓል ሲቃረብ ሌሊቱን የማይተኛ ሰው ቢኖር እሱ ነው። እናቶችም ከፈተሉትና ካሸመኑት ላይ ለሴት ልጃቸው ቀሚስ እያሰፉ፣ ጥልፉን ራሳቸው እየጠለፉ ሁለቱን ዘመን አስታረቁ።

ስጦታውን የፈተነው ክፉ ቀን ነው። በ1965 እና 66፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ሰው መጀመሪያ ከብቱን፣ ከዚያ የቤት ዕቃውን፣ በመጨረሻም ልብሱን ሸጠ። ጋቢ በእህል ተለወጠ። በዓመት የተፈተለው በአንድ የገበያ ቀን፣ ለጥቂት ቀን ቀለብ ሄደ። ገዢውም ቢሆን ሲገዛው የማን እናት ፈትል እንደሆነ አላወቀም። ከዚያም የእርዳታ ልብስ መጣ። ራቁቱን ለቀረ ሰው ልብስ ልብስ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ቆየት ብሎ ደግሞ ሰልባጅ ገበያውን ሞላው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅም ለአካባቢው ሌላ ዓይነት ጨርቅ፣ ለብዙዎችም እንጀራ ይዞ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና አምባሰልን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜም ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ተሸክሞት በወጣው ጥቅልል ውስጥ ጋቢ ያልነበረበት የወሎ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ሲነጋ ይለበሳል፤ ሲመሽ ይነጠፋል፤ ሰው ሲሞት ይሸፈንበታል።

የዛሬው ፈተና ግን ከረሃብም ከጦርነትም የተለየ ነው። ይኸኛው በድምቀት የሚመጣ ነው። በዓል ሲቃረብ በከተማችን «የሐበሻ ልብስ» የሚባል ይሸጣል፤ ከመካከሉ ግን ጥለቱን ማሽን ያተመው፣ ከውጭ የገባ አምሳያ ጨርቅ ሞልቷል። ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም። ዋጋው ርካሽ ነው። ኪሱ የሳሳ ሰው ለልጁ ያን ቢገዛ ማን ይፈርድበታል? ችግሩ በገዢው ላይ አይደለም። ችግሩ፣ እኛ ሥራውን ከሠሪው ለይተን መውደድ ለረጅም ዘመን የለመድን ሕዝብ በመሆናችን ነው። ሸማኔውን ሳናውቅ ሸማውን ከወደድን፣ ነገ ሸማኔው ቢጠፋና ሸማውን የሚመስል ነገር ቢቀርብልን ምን ይጎድልብናል? አምሳያው ገበያውን የያዘው ቦታውን ባዶ አግኝቶት ነው። ባዶ ያደረግነው እኛ ነን።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ባህላችን ጠፋ» ብለው ያለቅሳሉ። እኔ ግን ከማልቀስ ሌላ መንገድ ያለ ይመስለኛል። ባህል የሚባለው ነገር ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ተቀምጧል። ስም አለው። ልጆች አሉት፤ ልጆቹም አባታቸው ሲናቅ እያዩ አድገዋልና ሙያውን መውረስ አይፈልጉም። ጥጥ ቢወደድ ይጎዳል፤ የእጅ ዋጋው ቢቀነስበት ይጎዳል፤ በሙያው ቢሰደብ ግን እንጨቱን ሰቅሎ ይሄዳል። ሴቲቱም እንደዚሁ ናት። የፈተለችበትን ሌሊት ማንም እንደ ሥራ ቆጥሮላት አያውቅም፤ «እናት አይደለች?» ተብሎ ታልፏል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በሰጡት ወንጌል ላይ ስማቸው ስለተጻፈ፣ ይኸው ሰባት መቶ ዓመት አልፎም «የማን ስጦታ ነው?» ብለን አንጠይቅም። ጨርቅ እንደ ብራና አይጻፍበትም፤ ዕድሜውም አጭር ነው። አፍ ግን አለን። አንባቢ ሆይ፣ ለመጪው በዓል ጋቢ ወይም ነጠላ ቢሰጥዎ ሰጪውን ካመሰገኑ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ማን ፈተለው? ማንስ ሸመነው? ይበሉ። የሚሰጡት እርስዎ ከሆኑም የሁለቱን ሰዎች ስም ከስጦታው ጋር ያስረክቡ። ለሸማኔው የጠየቀውን የእጅ ዋጋ ሳይከራከሩ ቢከፍሉ ደግሞ፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩትን አዋጅ በዘመናችን ፈጸሙት ማለት ነው።